የላንቸስተሯ መሪ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለማቲዎስ ደጉ፣ አዲስ አበባ።

ደብዳቤህ በወዳጄ በቃለሕይወት ፖስታ ሣጥን ኮምቦልቻ ደርሶ፣ በቃለሕይወት ኪስ ደሴ ወጥቶ፣ ትናንት እጄ ገባ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ አባባም እንደ ዕድሜያቸው ደህና ናቸው ብዬ እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። አንተ ግን ድሮም ጠያቂ ነህ፤ ሦስት ጥያቄ ደርድረህብኛል።

አዎ፣ አልጋህ አለ። ፍራሹን ለጎረቤታችን ለሰዒዳ ሰጥቻታለሁ፤ አልጋው ላይ የተማሪዎቼን ደብተር እቆልልበታለሁ።

ስሜን ያነሣሉ ወይ ላልከው፣ አያነሡም። ላስደስትህ ብዬ አልዋሽም። በማዕድ ላይ ሲጸልዩ ግን «ከቤት የራቁትን» ይሉና ቆም ይላሉ። ከዚህ ቤት የራቀ ሌላ ሰው የለም።

ብመጣ በር ይከፈትልኛል ወይ ያልከውን ራሴ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ይዘው ነበር፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለወረደ አሁን ሰውን ከግንብ የሚለዩት በድምፁ ነው። «አባባ፣ ማቲ ቢመጣ ምን ይሉታል?» አልኳቸው። «መሪዋን ይዞ ይምጣ» አሉ።

እንግዲህ ማቲ፣ አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩህም፤ አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። የመኪናዋን መሪ ለማን ሸጥከው?

አንተ እዚያ ሆነህ ትረሳት ይሆናል፤ እኔ ግን በየጠዋቱ በጎተራው በር አልፋለሁ። አያታችን እንየው፣ ያደሩላቸው ጌታ ወደ ጣሊያን ጦርነት ሲዘምቱ «አደራ» ብለው የተዉላቸውን መኪና ጎተራ ከትተው፣ በሩን በድንጋይ ደፍነው፣ አንዲት የብርሃን መስኮት ብቻ አስቀርተው ኖሩ። ጌትየው አልተመለሱም። አያታችን አደራውን ለአባባ አስተላልፈው ሞቱ። አባባም በደርግ ጊዜ እንዳትወሰድባቸው ፈርተው አንድ ድንጋይ ሳይነኩ ቆዩ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወር የጌትየው የልጅ ልጅ ወይዘሮ ፋሲካ ሊያዩዋት መጡ። ግንቡ ፈርሶ ሸራው ሲገለጥ፣ ጉድ ፈላ፤ መሪ የለም! የኮምቦልቻው መካኒክ ሱሌማን በባትሪ አየና «ነቅለውታል» አለ። በዚያች መስኮት የሚሾልክ አንድ ልጅ ብቻ እንደነበረ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስንቴ ነው እግርህን ይዘን የጎተትንህ? ወይዘሮ ፋሲካ «ግድ የለም፣ አስወስዳታለሁ» ብለው ሄዱ፤ ይኸው እስከዛሬ አልተመለሱም። አባባን የጎዳቸው ያ «ግድ የለም» ነው። አርባ ዓመት አደራ የጠበቀ ሰው በአንድ ቀን አደራ በላ ተባለ።

እኔም አብሬ ታስሬአለሁ። ቃለሕይወት ሽማግሌ ከላከ ሦስት ዓመቱ ነው። አባባ «በዚህ ቤት ያልተመለሰ ነገር እያለ ሠርግ አይደገስም» አሏቸው። ሰውየው ታጋሽ ነው፤ ግን እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው ማቲ፤ ሠላሳ ሁለት!

እህትህ ሣራ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ተካፈሉት፤ ለአባባ የሚሆነውን ግን አንቺው ጋ አስቀምጪልኝ። እዚያው መጽሐፍ ጥረዛ ቤት ነኝ። ሙጫው አፍንጫዬን ደፍኖታል እንጂ ጤናዬ ደህና ነው።

ለማን ሸጥከው ላልሽው፤ ለማንም። አልሸጥኩትም፣ አልወሰድኩትም፣ በዓይኔም አላየሁትም። ይኸው ጻፍኩት።

የወሰድኩት ጡሩምባዋን ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎኗ የተንጠለጠለችውን የናስ ጡሩምባ ፈታሁና ለብረት ለቃሚ ሸጬ ኳስ ገዛሁባት። ያቺ ኳስ ደግሞ በሳምንቷ ገራዶ መንገድ ላይ አይሱዙ አፈነዳት፤ እግዜሩ ወዲያው ነው የቀጣኝ።

አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ። በ83 ጳጉሜን፣ በንስሐው ጸሎት ቀን፣ የተነሣሁት ጡሩምባዋን ልናዘዝ ነበር። ታስታውሻለሽ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ስንት ዓመት ታሽጋ ቆይታ ገና መከፈቷ ነው፤ ሰው በር ላይ ሞልቶ ፈሷል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ቆሜ «ከአባቴ አደራ ላይ ወስጃለሁ» አልኩ። ምን እንደወሰድኩ ሳልናገር ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ተነሣ። አባባ ከፊት ወንበር እየሮጡ መጥተው አቀፉኝ። አባባ ሲሮጡ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንባቸው አንገቴ ላይ ሲፈስ ይሰማኛል። የጉባኤው ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «መሪውን ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

በሕይወቴ አባባ እንደዚያ አቅፈውኝ አያውቁም። አይደለም ብል እጃቸው ሊለቀኝ ነው። «አዎ» አልኩ።

በማግስቱ «የት ነው ያለው?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ከሌላ አገር አላመጣው ነገር። የጌታን እራት ለስድስት ወር ከለከሉኝ፤ አባባም እስክትመልሰው ድረስ ዓይንህን አላይም አሉ። የዚያን ሳምንት ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ይኸው ነው እታለም። እመኚኝ።

ወንድምሽ ማቲዎስ

ደሴ፣ ኅዳር 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ማቲ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁና ይቅርታ አድርግልኝ።

አራት ዓመት አፍህን ዘግተህ ዛሬ «አልወሰድኩም» ስትለኝ የቱን ልመን? በእግዚአብሔር ቤት መካከል ቆመህ፣ አምስት መቶ ሰው እየሰማ «አዎ» ያልከውን ነው ወይስ በሙጫ የተጨማለቀውን ወረቀት? እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ድምፅህን ሰምቻለሁ። ሰው ያላደረገውን አደረግኩ ብሎ ይናዘዛል? ኧረ ወዲያ! ያደረገውን መናዘዝ እንኳ ስንቱን አቅቶታል።

ደግሞ ከወሰድከውም በኋላ እኮ ወንድሜ ነህ። ማን ዘንድ እንዳለ ብቻ ንገረኝ፤ እኔ ኩታበርም ይሁን ባቲ ሄጄ እለምናለሁ።

ስለ አባባ ጤና፣ ደም ግፊታቸው ወደ ላይ ወጥቷል። «አታስደንግጧቸው፣ አታናድዷቸው፣ ጨው ቀንሱ» አለ ሐኪሙ። ጨው መቀነሱን ችያለሁ። ጠዋት ጠዋት በዱላቸው እየዳበሱ ወደ ጎተራው ይሄዱና በሩ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ይቆማሉ። አይገቡም። የሰው ልጅ በር ዳብሶ እንዴት ይመለሳል? አንጀቴን ነው የሚበሉኝ። ከዚህ ቤት ወጥቼ ሌላ ቤት እንዳላድር የያዘኝ ያ አቋቋማቸው ነው።

ሣራ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለም፣

እሺ። አንቺም ካላመንሽኝ የሚያምነኝ የለም ማለት ነው። አልቀየምሽም፤ እኔም ሦስተኛው ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ አላምነኝም ነበር።

ስለዚህ የምታምኑትን ልኬላችኋለሁ። ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ መሪ አገኘሁ፤ ትልቅ ነው፣ ዙሪያው እንጨት፣ መሐሉ ብረት። ሻጩ የጣሊያን ካሚዮን ነበር አለኝ። ለሚዳብስ ሰው አሮጌ መሪ አሮጌ መሪ ነው። በቆርቆሮና በከረጢት አስሬ ለሀምዱ ሰጥቼዋለሁ። ሀምዱ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፣ ጨዋ ሰው። ኮምቦልቻ ላይ ለቃለሕይወት እንዲሰጠው፣ ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳይደርስ ነግሬዋለሁ።

አንቺ ሱሌማንን ጥሪና ዝም ብሎ ይግጠመው። ቀዳዳው ባይገጥም ሞርዶ ያስገባው። ከዚያ አባባን እጃቸውን ይዘሽ ውሰጂያቸው። ሌብነቱን ተቀብያለሁ፤ ቢያንስ የሰረቅኩትን የመለስኩ ሌባ ልሁን። አንቺም አግቢ።

ማቲዎስ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ማቲ፣

ሌላ ደብዳቤ ከአንተ አልደረሰኝም፤ ይህንን የምጽፈው ኅሊናዬ ስለቆረቆረኝ ነው። ያን የንዴት ደብዳቤ ከላክሁ ወዲህ ያቺ «እጃቸው ሊለቀኝ ነው» ያልካት ቃል አልለቀቀችኝም። እውነት ቢሆንስ? አልኩ።

አባባ ለጸሎት ወጥተው ሳለ ሱሌማንን አስመጣሁት። «መሪው የተነቀለበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» አልኩት። ሰውየው ሸራውን ገፎ፣ ከሥር ተኝቶ፣ ከላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ፈለገ። ሲነሣ ላብ በላብ ሆኗል። «ወላሂ መምህርት፣ ቀዳዳ የላትም። መሪ ተሰክቶባት የሚያውቅ ቦታ አላገኘሁም» አለኝ። ታዲያ በ83 ምን አይተህ ነው ተነቅሏል ያልከው? ብዬ ጮህኩበት። «ሰው ሞልቶ ነበር፣ ከበሩ ሆኜ ነው ያበራሁት። መሪ የሌላት መኪና ሳይ ተነቅሏል እንጂ ሌላ ምን ልበል?» አለ። ምን ላድርገው? እውነቱን ነው። እኔም ሌላ አልል ነበር።

መኪናይቱ ራሷ ጉድ ናት። ከፊት ሞተር ያለበት አፍንጫ የላትም፤ ሞተሯ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ተቀምጧል። በቀኝ በኩል እንጨት እጀታ ያለው ረጅም ብረት አለ፤ ሱሌማን ፍሬን ሳይሆን አይቀርም አለ። በናስ ሰሌዳዋ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በሳሙና አሽቼ አነበብኩት፤ «ላንቸስተር» ይላል። አንተ ከመጽሐፍ መሐል ነው የምትውለው፤ እስቲ ይህን ስም ፈልገው።

ያንን ደብዳቤ ቀደህ ጣልልኝ። ሆድ ብሶኝ ነው።

ሣራ

አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለም! እታለም! እታለም!

ሰላምታም ጤናም ቆይተው ይምጡ። መሪ አልነበራትም! ሲፈጥራትም አልነበራትም!

ስሙን ከላክሽልኝ ቀን ጀምሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ሳልገልጥ አላልፍም ነበር፤ አለቃዬ «ጠራዥ ነህ ወይስ አንባቢ?» እስኪለኝ። ትናንት ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ለጥገና የመጡ የድሮ መጽሔቶች ደረሱ። አከርካሪው የተላቀቀውን አንዱን ስገልጥ ስዕሏ! ያቺው ናት፤ ከፊት አፍንጫ የላት፣ ሞተሯ በወንበሮቹ መሐል። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነበብኩት። ላንቸስተሮች ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ በርሚንግሃም በሚባል ከተማ፣ እንግሊዝ ገና መኪና መሥራት ስትጀምር ከጀመሩት መሐል። ከሌላው መኪና ሠሪ ምንም አልኮረጁም፤ ሁሉን ነገር ከራሳቸው ነው የጀመሩት። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ባለ ሁለት ሲሊንደር ናቸው፤ ባለ አሥር ፈረስ ጉልበት፣ ከዚያ ባለ አሥራ ሁለት፣ ኋላም ባለ አራት ሲሊንደር መጣች። እነዚያ ቀደምቶቹ በክብ መሪ አይደለም የሚዞሩት። ሹፌሩ ከጎኑ ባለ ረጅም እጀታ ነው የሚመራቸው! ክቡ መሪ የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሱሌማን ፍሬን ያላት እንጨት እጀታ፣ እሷ ናት መሪዋ። እዚያው ነበረች። በልጅነቴ ስንቴ ተንጠላጥዬባታለሁ!

ስስ ወረቀት ደርቤ ስዕሉን በእርሳስ ቀድቼ በዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከሥሩ ያለውንም ጽሑፍ ተርጉሜዋለሁ። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ለሰው ሁሉ ላሳይ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ያ ምናለሽ ተራ የገዛሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሀምዱ አድርሶት ከሆነ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ማንም እንዳያየው።

ማቲዎስ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ ማቲ፣

ስዕሉ ደርሷል። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፤ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ይቅርታ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራት ዓመት ሌባ ነው ብዬ ስጸልይልህ ኖርኩ እኮ። የቱ ፊቴ ነው የሚያይህ?

የጠየቅከኝን ግን ልመልስ። ምድጃ ውስጥ አልከተትኩትም። አልደረስኩበትም።

ሀምዱህ በእርግጥም ጨዋ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ቃለሕይወትን ከመሥሪያ ቤቱ አጣው። «የሰው አደራ ይዤ ባቲን አልወርድም» ብሎ ካሚዮኑን አቁሞ፣ በታክሲ ደሴ ድረስ ወጣ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አባባ ደጅ ተቀምጠዋል። «አባት፣ ልጅዎ ማቲዎስ ይህን ልኳል» ብሎ እቅፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከረጢቱ ተፈቷል፤ ሁለት እጃቸውን ዙሪያው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «ሣራ፣ መለሰው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልጽፍልህ አልችልም።

እሁድ ዕለት ይዘውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ! ተው ብዬ ማን ይሰማኛል? በምስክርነት ሰዓት ተነሥተው ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። «ልጄ ሞቶ ነበር፣ ሕያው ሆነ» አሉ። ጉባኤው እልልታውን አቀለጠው። የዚያን ዕለት ማታ የቃለሕይወትን ሽማግሌዎች ጥሩልኝ አሉኝ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በዓል በኋላ እንዲሆን ቆርጠዋል። ለአንተ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ ይምጣ ብለዋል። ጨው መቀነሴ ያላደረገውን ይህ መሪ አደረገው፤ ግፊታቸው ወርዷል።

የጠየቅነው ሁሉ ተሰጠን እንግዲህ። አንተ ይቅር ተባልክ፣ እኔ ላገባ ነው፣ አባባ ስማቸው ተመለሰ። ስዕልህ በቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በሄድኩበት ይሄዳል። ባወጣው ምን እንደምገድል አላውቅም፤ ባላወጣው አንተ እስከ ዕድሜ ልክህ ሌባ ነህ። ምን ላድርግ? በእናታችን በአስናቀች አፈር፣ ንገረኝ።

ሣራ

አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ቃለሕይወትን እቀፊልኝ።

ይምጣ ብለዋል ላልሽኝ መልሴ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ትኬት ቆርጬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ሻንጣዬ ጣራ ላይ ተጭኗል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ አባባ እጄን ይዘው «ይቅር ብዬሃለሁ» ሲሉኝ የምመልሰውን አሰብኩ። «አመሰግናለሁ» ልል ነው? አንዴ «አዎ» ብያለሁ፤ እሱም አራት ዓመት ቆልፎብኛል። ወይስ እውነቱን ልነግራቸው ነው? ራሴን አውቀዋለሁ፣ እጄን ከያዙኝ እነግራቸዋለሁ። ከነገርኳቸው ደግሞ ያን በጉባኤ ፊት ከፍ ያደረጉትን ነገር ምን ሊያደርጉት ነው? ረዳቱን ጠርቼ ሻንጣዬን አስወረድኩ። ሰደበኝ፣ ልክ ነው።

ስለዚህ ዝም በይ። አልመጣም። ሥራ በዝቶበታል በያቸው። ለሠርግሽም አትጠብቂኝ። ስዕሉን ቅደጂው ብልሽ አትቀጂውም፤ እኔም ቅደጂው ማለት አልችልም። በቦርሳሽ ይቀመጥ። እኔ ከዚህ ሙጫዬ ጋር እኖራለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ማቲዎስ

ደሴ፣ መጋቢት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለማቲዎስ፣

ይህን የምትጽፈው እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የደጉ እንየው ነው። ከአፌ እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ። ሰላም ለአንተ ይሁን።

ለምን አይመጣም ብዬ እህትህን ጠየቅኋት፤ ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ። ሣራ ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል። ነገር እንዳለ አወቅሁ። እሷ ለማስተማር በሄደችበት መሪውን ይዤ ብቻዬን ጎተራ ገባሁ፤ እኔው ራሴ ልግጠመው ብዬ። ወንበሩን በዳበሳ አገኘሁትና ወጥቼ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴን ዳበስሁ፤ የሚገባበት የለም። ወደ ታች ዳበስሁ፤ የለም። ደከመኝና ቀኝ እጄን ወደ ጎን ጣል ሳደርጋት አንዲት እጀታ ላይ አረፈች። እንዲያው ለሰው እጅ ተብላ የተሠራች ናት፤ መዳፌ ሞላባት።

የዚያን ጊዜ አባቴ ትዝ አሉኝ። ስለዚህች መኪና ሲያወሩ ሁልጊዜ ቀኝ እጃቸውን በጎናቸው ጨብጠው ያወዛውዙ ነበር። ፈረንጁ ሹፌር ጌቶችን ይዞ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ሲያልፍ እንዲህ ያደርግ ነበር ይሉኝ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ገበሬ ናቸውና እርፍ የያዙ ይመስለኝ ነበር። ማረስ አምሯቸው ነው ብዬ እስቅ ነበር። እጀታዋን ገፋ አደረግሁ። የፊት እግሯ ወለሉ ላይ ካለው ገለባ ጋር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መራኋት ልጄ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማያይ ዓይኔ፣ መራኋት።

እህትህ ስትመጣ እዚያው ተቀምጬ አገኘችኝ። ጠየቅኋት። ከቦርሳዋ ወረቀት ስታወጣ ሰማሁ፣ እያለቀሰች አነበበችልኝ። ጡሩምባዋንም፣ አውቶቡሱንም፣ ያን «አዎ» ያልህበትንም ሁሉን ነገረችኝ። እንደፈራችሁት አልሞትሁም።

አሁን እኔ ልናዘዝ። ያን ቀን እየሮጥሁ መጥቼ ያቀፍሁህ ለአንተ ብዬ አልነበረም። ስሜ ተመለሰ ብዬ ነው። እንባዬም ለስሜ ነበር። አንተ ያን እቅፍ ለአንተ የመጣ መስሎህ እንዳይለቅህ ዋሸህ። ልጄን ሳላቅፈው እዚህ ዕድሜ ደረስሁ።

እሁድ ዕለት አንተ በቆምህበት ቦታ ቆምሁ። ልጄ አልሰረቀም፣ መሪው ከመጀመሪያው አልነበረም፣ ያሳየኋችሁ እሱ ፈርቶ የላከው ነው አልሁ። ስዕሉንም እህትህ አሳየቻቸው። ከዚያ ሽማግሌው እጄን ይዘው «ጋሽ ደጉ፣ የአባት ሆድ ነው፤ እንረዳለን» አሉኝ። አላመኑኝም! መሪ የሌላት መኪና የት አለች ይላሉ። ልጁን ለመሸፈን ነው ብለው አዘኑልኝ። አንተን የዘጋብህ በር እኔንም ዘጋብኝ፤ አሁን ከአንተ ጋር እዚያው ውስጥ ነኝ።

የጌታ እራት በወሩ መጀመሪያ እሁድ ነው። ሰሃኑ ሲደርሰኝ ሳልነካ አሳልፈዋለሁ። አንተን ስድስት ወር ከልክለውሃል፤ እኔን ማንም አልከለከለኝም፣ ራሴን ከልክያለሁ። አጠገቤ ተቀምጠህ ሰሃኑን ከእጅህ እስክቀበል ድረስ አልወስድም። ቢያምኑንም ባያምኑንም።

ጡሩምባዋን ግን ወስደሃል፤ እሱን አልረሳሁትም።

መሪዋን ይዞ ይምጣ ብዬ ነበር። ያን ቃሌን አንሥቻለሁ። ምንም ይዘህ አትምጣ። ዓይኔ ስለማያይ መምጣትህን የማውቀው በእጅህ ነውና ባዶ እጅህን ና።

አባትህ ደጉ እንየው

ማቲ፣ ይህ ከሥር ያለው የእኔ ነው። ከመጨረሻው በላይ የተሰረዘውን መስመር በብርሃን ልታነበው ትሞክራለህ፤ አውቅሃለሁ። ልንገርህና አትድከም። «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ነበር፤ አባባ ናቸው ያስጻፉኝ። ተጽፎ ካለቀ በኋላ መልሼ ሳነብላቸው እዚያ ላይ አስቆሙኝ። ከዚያ «ሰርዥው» አሉኝ። «ምን ልተካበት?» አልኳቸው። «ሲመጣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፤ እሱ በደብዳቤ አይሆንም» አሉ። ደሴ አውቶቡስ ተራ ቃለሕይወት ይጠብቅሃል።